መኪናውን ማሳችሁ ይፈትነው



በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ ስንዴው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው ተከታትሎ ይደርሳል። አጫጅ ይጠፋል፤ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይወደዳል። ደመና ብቅ ካለማ ልብ አያርፍም። በዚህ ጭንቅ ላይ አንዱ ይመጣና «ኮምባይነር አለ፤ የሳምንቱን ሥራ በሰዓት ይጨርሳል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ያ ነገር እህል ይበትናል፤ እንዳታስገቡት» ይላል። ማንን እንመን? እኛ የምንለው፦ በወሬ ማንንም አትመኑ። መኪናውን ማሳችሁ ይፈትነው።

ይኼ ነገር ቀድሞም የተሠራበት ነው። በ1843 ዓ.ም. ለንደን ላይ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ነበር። ማኮርሚክ የሚባል አሜሪካዊ የሠራው የአጨዳ መኪና እዚያ ቀረበ። ጋዜጣ ሳይቀር ቀለደበት። ኋላ ግን ቲፕትሪ በሚባል የእርሻ ቦታ፣ ዝናብ በመታው ስንዴ ላይ፣ ሕዝብ እያየ ተሞከረ። አጨደ። ቀልዱም ቀረ። ፍርዱን የሰጠው ማሳው ነው።

በእኛም አገር በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳ ኮምባይነር ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን የአርሲ ሜዳ ሌላ፣ የጎጃም ማሳ ሌላ። እኛ ዘንድ መሬቱ በድንበር ተቆራርጧል፤ ተዳፋቱም ድንጋዩም አለ። እዚያ ስለ ሠራ እዚህም ይሠራል አይባልም።

ፈተናው እንዲህ ነው። አራት እንጨት ገጥማችሁ በየጎኑ አንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ። መኪናው ከመግባቱ በፊት መሬት ላይ ጣሉትና ረግፎ የቆየውን ፍሬ ቁጠሩ። መኪናው ካለፈ በኋላ እንደገና ጣሉት። ከገለባው ሥር ያለውንም፣ ሳይወቃ በዛላው ላይ የቀረውንም ቁጠሩ። ከኋለኛው ላይ የፊተኛውን ቀንሱ። የሚቀረው መኪናው የጣለው ነው። 270 ያህል የስንዴ ፍሬ 10 ግራም ይመዝናል። በየሜትር ካሬው 10 ግራም ከወደቀ በሄክታር አንድ ኩንታል ጠፋ ማለት ነው። ገለባው በተከመረበትም፣ በዳር በዳሩም፣ አምስት ቦታ ሞክሩ።

ጤፍ ግን አይቆጠርም። አንድ ግራም ብቻ 3000 ያህል ፍሬ አለው። ከመኪናው ኋላ የሚወጣውን ገለባ በሸራ ተቀበሉት፤ አዝሩትና የወጣውን ጤፍ መዝኑ።

በዚያው ማሳ ላይ በማጭድ የታጨደውንም ፈትኑ። ማጭድም እኮ ያረግፋል። በነዶው፣ በክምሩ፣ በአውድማው የሚባክነው ቀላል አይደለም። ሚዛኑ ለሁለቱም እኩል ይሁን።

መኪናው ብዙ ከጣለ ሹፌሩን «አስተካክል» በሉት። ሲቸኩል እህል ይጥላል። መውቂያው ከልክ በላይ ሲፈጥን ፍሬ ይሰብራል። ማራገቢያው ሲበረታ ፍሬውን ከገለባው ጋር ይወስዳል። እነዚህ ሁሉ የሚስተካከሉ ናቸው። ደግሞም ከሌላ አገር የመጣ መኪና የአረም ዘር ይዞ ይመጣልና ሳይጠረግ አይግባ።

ከፍሬው ሌላ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ለበሬው የሚሆን ጭድ ይተርፋል ወይ? ሁለተኛ፣ ጥቅሙ ለማን ነው? ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት በጭላሎ አውራጃ ትራክተርና ኮምባይነር ሲስፋፋ ባለመሬቶች ብዙ ጭሰኞችን ከእርሻቸው አስነሥተዋል። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም፤ የሚያዝዘው ሰው ነው። ዛሬም በአጨዳ ቀን ሥራ የሚያድረው ድሀ ጎረቤት አይረሳ። ጉዳዩ በማኅበር ስብሰባ ላይ፣ እሱም ባለበት፣ ይመከርበት።

የኪራይ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ጥማድ ብቻ ይታጨድ። ይቆጠር። ከዚያ እንነጋገር በሉ። ያለዚያ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። ቀኑን፣ የማሳውን ስፋት፣ የወደቀውን ፍሬ፣ የፈጀውን ሰዓት በማኅበሩ ደብተር ላይ ጻፉ። ለሚመጣው ዓመት የምትከራከሩት በዚያ ጽሑፍ ነው። ፊደል የቆጠርነው ፊርማ ለማኖር ብቻ አይደለምና፣ የዓመት ልፋታችሁን ራሳችሁ ቁጠሩት።