77 ደቂቃ ደም ሲፈስ

በኡቫልዴ፣ በሮብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ለቆማችሁ አዛዦች፤ በኦስቲን ለተቀመጣችሁ የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች፤

30 ኪሎ በምትመዝን ልጅ ሰውነት ውስጥ ያለው ደም ከ2 ሊትር ብዙ አይበልጥም። ግማሹ ከፈሰሰ ልቧ የሚገፋው ያጣል።

ይህን የምጽፍላችሁ በዳላስ አካባቢ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ኢትዮጵያዊት ነርስ ነኝ። ልጆቼ በእናንተ ስቴት ትምህርት ቤት ይማራሉ። ሙያዬ ደም ማቆም ስለሆነ ስለ ደም የማውቀውን ስሙኝ።

የጭኑ ትልቁ ደም ወሳጅ ሥር የተበጠሰ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። እሱን ለማትረፍ የግድ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከቁስሉ ከፍ አድርጎ ቱርኒኬት ማጥበቅ፣ ቁስሉንም በጨርቅ ጠቅጥቆ ባለ በሌለ ኃይል መጫን ብዙ ሰው አድኗል። ደረትና ሆድ ውስጥ የሚፈሰው ደም ግን በማሰሪያ አይያዝም። እሱን የሚያቆመው የቀዶ ሕክምና ሐኪም እጅ ነው፤ እስከዚያ ቁስለኛውን የሚያቆየው ደግሞ ሌላ ሰው የለገሰው ደም ነው። በሮብ ትምህርት ቤት ሕፃናትን የፈጀው ገዳይ የያዘው ዓይነት ጠብመንጃ የሚተፋው ጥይት ቀጭን ቀዳዳ ሠርቶ አያልፍም። ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ነው፤ ዙሪያውን ያለውን ሥጋ ገፍቶ ይቀደዋል፣ ራሱ ያልነካውን የደም ሥር ሳይቀር ይበጥሳል። የኡቫልዴ የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ሮይ ገሬሮ ለኮንግረስ ቀርበው ሲመሰክሩ፣ ከተገደሉት ሁለቱን ልጆች የለዩአቸው ደም በነካው የካርቱን ልብሳቸው ብቻ እንደነበር ተናግረዋል። የወለደ አንጀት ይህን እንዴት ይቻለው?

እ.ኤ.አ. በሜይ 24 ቀን 2022 በትምህርት ቤቱ ከሞቱት 19 ሕፃናትና 2 መምህራን አብዛኞቹ ምናልባት ፖሊስ ሕንጻው ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንደተገደሉ የምክር ቤታችሁ መርማሪዎች ጽፈዋል። ይህን አልክድም። እነዚያው መርማሪዎች ግን መጠበቅ ባይኖር ኖሮ አንዳንዶቹ ሊተርፉ ይችሉ እንደነበርም ጽፈዋል። እንቅልፍ የነሱኝ እነዚያ አንዳንዶቹ ናቸው።

አዛዦች ሆይ፣ ከፖሊሶቻችሁ ጋር 376 ሆናችሁ ነበር። ጋሻ ነበራችሁ፣ ጠብመንጃ ነበራችሁ። ገዳዩ ከገባ እስከተገደለ 77 ደቂቃ አለፈ። ሕፃናቱ ገዳዩ ካለበት ክፍል 911 ደውለው ፖሊስ ላኩልን ሲሉ ፖሊሱ በራቸው ላይ ነበር። ያልተቆለፈ ሳይሆን የማይቀር በር መክፈቻ ቁልፍ ትፈልጉ ነበር። ከመካከላችሁ አንዱ ከግድግዳው ላይ ሳኒታይዘር ወስዶ እጁን ሲያሽ በካሜራ ታየ። ያኔ ውስጥ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ የሞተች ለመምሰል የጓደኛዋን ደም ተቀብታ ተኝታለች። አንዲት መምህርት ለባሏ ደውላ መመታቷን ነግራዋለች። ባሏ ፖሊስ ነው፤ ልግባ ሲል መሣሪያውን ወስዳችሁ አስወጣችሁት።

ከክፍሉ ሲወጡ ልባቸው ይመታ የነበሩ ሦስት ሰዎች ኋላ ሞቱ። አንዷ ያቺ መምህርት ናት። የተሳፈረችበት አምቡላንስ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ሳይንቀሳቀስ አረፈች። ደም የጫኑ ሁለት ሄሊኮፕተሮች ትምህርት ቤቱ ዘንድ ሊያርፉ ሲሉ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኝ አየር ማረፊያ ጠብቁ ተባሉ። የተለገሰ ደም ተዘጋጅቶ፣ የሚፈልገው ሰው እዚያው ወድቆ! በሥራዬ ብዙ ሞት አይቻለሁ፤ እንደዚህኛው የሚያንገበግበኝ የለም።

ሕግ አውጪዎች፣ በ2019 ባወጣችሁት ሕግ ትምህርት ቤቶች የደም ማቆሚያ ዕቃ እንዲያስቀምጡ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ተማሪዎችም የአጠቃቀሙ ትምህርት እንዲቀርብ አዛችኋል። ሕጉን አልነቅፍም። ሰባተኛ ክፍል ለደረሰችው ልጄ ክንዴን ሰጥቼ ቱርኒኬት እንዴት እንደሚጠብቅ ያሳየኋት እኔው ነኝ። አጠበቀችና “እማዬ፣ አመመሽ?” አለችኝ። የጓደኛን ደም ማቆም ለ12 ዓመት ልጅ የሚሰጥ ሥራ ከሆነ፣ እናንተ ዘንድ የቀረው ሥራ የትኛው ነው? ገዳዩ 18 ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ ሁለት ጠብመንጃ በሕግ አግባብ ገዝቷል። የእንዲህ ያሉ ጠብመንጃዎችን መግዣ ዕድሜ ወደ 21 የሚያሳድገው ረቂቅ በ2023 ከኮሚቴ አልፎ ነበር። የኡቫልዴ ወላጆች ከደጃችሁ ቆመው እየለመኑ ረቂቁ ለሙሉ ምክር ቤት ሳይቀርብ ጊዜው እንዲያልፍ አደረጋችሁ።

አዛዦች፣ በእያንዳንዷ ደቂቃ የት እንደቆማችሁና ምን እንደጠበቃችሁ ለ21ዱ ሟቾች ቤተሰቦች ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ንገሯቸው፤ በጠበቃ አፍ አይሁን። ሕግ አውጪዎች፣ ረቂቁን መልሳችሁ አምጡት፤ ለሙሉ ምክር ቤቱ ይቅረብና ስማችሁ እየተጠራ ድምፅ ስጡበት።