ጄሪካኑን ማን ይሸከመዋል?

በአል-ጣኢፍ ጣሪያዎች ላይ ያለ አፈር፣ በዝናብ ውኃና በተፈጥሮ ማዳበሪያ አትክልት ይብቀል የሚሉ ወገኖች አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መልካምነቱ ግን ከሂሳብ አያድነውም። ሙግቴም ከሐሳቡ ጋር ሳይሆን፣ ሂሳቡን ሳያወራርዱ ከሚያወድሱት ጋር ነው።

ካርቱም በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ150 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ እርሱም አብዛኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ይወርዳል። አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለምታገኝ፣ ከዚያ የመጣ ሰው የጣሪያ ውኃ ሲባል የሀገሩ ክረምት ይታየዋል። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በዓመት 15,000 ሊትር ይወርዳል። የሃቡቡን አቧራ ያጠበው የመጀመሪያው ውኃ ተደፍቶ፣ የሚተነውም ተቀንሶ 12,000 ሊትር ይቀራል እንበል። ይህ 60 በርሜል፣ በክብደት 12 ቶን ነውና ጣሪያ ላይ ሊከማች አይገባውም፤ ግቢ ይቀመጣል።

10 ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል በዚያ ሙቀት በቀን 60 ሊትር ያህል ቢጠጣ አይገርምም። «አፈር አልባ እርሻ እስከ 90 በመቶ ውኃ ይቆጥባል» ይሉናል። እውነትነት አለው፤ የሚቆጥበው ግን ወደ መሬት የሚሰርገውንና ከአፈሩ ገጽ የሚተነውን እንጂ ቅጠሉ ራሱ የሚያተነውን አይደለም። እንግዲህ በየቀኑ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ደረጃ ሊወጣ ነው። ፓምፕ ያወጣዋል እንዳንል፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ የካርቱም መብራት እንዴት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ታዲያ ማን ይሸከመዋል? በካርቱም ቤቶች ተቀጥራ የሠራች የሀገራችን ልጅ መልሱን ሳትጠየቅ ታውቀዋለች። በለመለመው ጣሪያ ፎቶግራፍ ላይ ግን የእርሷ ትከሻ አይታይም።

ስለ ማዳበሪያውም ዝም አልልም። ፍግ ውኃ ውስጥ ስለተዘፈዘፈ ብቻ ለሥር ምግብ አይሆንም። ናይትሮጅኑን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም አየር ይሻሉ። በአፈር ውስጥ ይህን በነፃ ይሠራሉ፤ በቱቦ ውስጥ ግን አየር የሚነፋ ማሽን ያስፈልጋል። ማሽኑ ሲቆም ውኃው ይሸታል፣ ቱቦውም ይደፈናል። ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት ደግሞ የጋለ ውኃ አየር የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ሥሩ ይበሰብሳል። (ጥሬ ፍግ የነካውን ሰላጣ ሳያበስሉ መብላት ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻም።)

ታዲያ ዝናቡ ዝም ብሎ ይፍሰስ ወይ? አይፍሰስ። ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወዲህ ፈራርሶ ወዳገኘው ቤቱ የተመለሰ ሰው አንዲት በርሜል ውኃም ትጠቅመዋለች። አምስት ስድስት በርሜል ግቢ ውስጥ ያኑር፤ አፋቸውን በጥብቅ ጨርቅ ይሸፍን፤ በ2015 ዓ.ም. በካርቱም የተዛመተውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ እንዲህ ባለ የተጠራቀመ ውኃ ትራባለችና። ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት በተቀላቀለበት አፈር፣ በበጋው ሙሉኺያ፣ በኅዳር ብርድ ጅርጅር ይዝራ። ጅርጅሩ በወር ከሳምንት ይታጨዳል። ጣሪያው ግን እንደ ድሮው አንገረብ ተዘርግቶበት ሰው ነፋስ እየተቀበለ ይተኛበት።