«ኮምፒውተሩስ ይሁን፣ ያ ሌላው ምን ይሠራልሃል?»



ኮሌጅ ለመግባት የደረሰ ልጅ ያላችሁ፣ ይህ ወሬ በቤታችሁ ሳይነሳ አይቀርም። ልጁ «ኮምፒውተር ሳይንስን ከሙዚቃ ጋር» ወይም «ከቋንቋ ጥናት ጋር ልማር» ይላል። እኛም ቶሎ ብለን «ኮምፒውተሩስ ይሁን፣ ያ ሌላው ምን ይሠራልሃል?» እንላለን።

ሁለት ሥራ እየሠራ ልጅ ያሳደገ ሰው እንጀራ የሚሆን ትምህርት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ግን ትምህርቱ ምን እንደሆነ ሳናይ «አይሆንም» ባንል ጥሩ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ ከኮምፒውተር ማምለጫ አይደለም። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኧርባና ሻምፔይን ኮምፒውተር ሳይንስን ከቋንቋ ጥናት፣ ከሙዚቃና ከአንትሮፖሎጂ ጋር አጣምሮ በዲግሪ ያስተምራል። ካርኒጊ ሜለንም ኮምፒውተር ሳይንስንና ሥነ ጥበብን በአንድ ዲግሪ ይሰጣል።

ጥቅሙን ከራሳችን ፊደል እንየው። «ፀሐይ»ን አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ ይጽፋል፤ ሐመሩ ሐም በሃሌታው ሀ ይለወጣል። ለእኛ ሁሉም ያው ፀሐይ ነው። ኮምፒውተር ግን ካልተነገረው በቀር የተለያዩ ቃላት አድርጎ ስለሚቆጥራቸው አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን ያልፈዋል። «ገና» ደግሞ ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። ታዲያ ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብ የታዘዘ ኮምፒውተር በምን ይለየው? ይህን ለመፍታት ቋንቋውንም ኮዱንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ ልጆቻችን «እማዬ፣ ደርሻለሁ» ብለው በስልክ በፊደላችን መላክ የቻሉት በዚህ ነው። በጀርመን የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲም «ቤተ መጻሕፍት» በተባለው ፕሮጀክት ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ የብራና መጻሕፍት መረጃ በኮምፒውተር ያሰባስባል። ግዕዝ የማያውቅ ፕሮግራመር ብቻውን፣ ወይም ኮድ የማያውቅ ሊቅ ብቻውን፣ ይህን ሥራ አይወጣውም።

እርግጥ ስሙ ያማረ ሁሉ ጥሩ ፕሮግራም አይደለም። ስለዚህ ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ኮሌጁን እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝምን የመሳሰሉትን ዋና ዋና ኮርሶች እንደ ሌላው የኮምፒውተር ተማሪ ይወስዳል ወይ?

ሁለተኛ፣ በአራት ዓመት ያልቃል ወይስ ተጨማሪ ሴሚስተር ያስከፍላል?

ሦስተኛ፣ ቀድመው የተመረቁት የት ሥራ ገቡ? ተማሪዎቹስ ክረምት ላይ ኢንተርንሺፕ ያገኛሉ?

መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው፤ ሌላ ኮሌጅ ፈልጉ። መልሱ ጥሩ ከሆነ ግን ልጁን አትከልክሉት። በየሳምንቱ እያባበላችሁ የምታመጡት ልጅ እዚህ የሚማረው ፊደል፣ አብዛኛው የክፍል ጓደኛው የሌለው እውቀት ነው። ኮሌጅ ሲገባ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ቢሠራበት፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ በከንቱ አላዋልነውም ማለት ነው።