የሐብሩን ዜና ማን ይሠራል?

የመርሳን ፍራፍሬ የማያውቅ የለም። የሐብሩ ወረዳ ምክር ቤት ስንት ብር በጀት እንዳጸደቀ፣ ለየትኛው ቀበሌ ውሃ እንደመደበ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ስለ ትራምፕ ከሆነ ሁላችንም ተንታኝ ነን።

ስንፍና ብቻ አይደለም። ጉባኤው ላይ ተቀምጦ የሚሰማልን ሰው ነው ያጣነው። የክልሉ ሚዲያ አሚኮ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር ነው፤ ቅርብ የሚባለው ጣቢያውም ደሴ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለን የየወረዳው ኮሙኒኬሽን የፌስቡክ ገጽ ነው። "ውይይት ተካሄደ"፣ "ተመረቀ" ይለናል። ማን ተነሥቶ ምን ብሎ እንደተቃወመ አይጽፍም፤ የተቀጠረውም ለዚያ አይደለም።

ነገሩ እዚህ የደረሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ነሐሴ 2013 ዓ.ም የሕወሓት ኃይሎች ወልድያን ሲይዙ መብራትም ስልክም ጠፋ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ የዘመድን ደኅንነት የምንሰማው በእግሩ ከወጣ ሰው ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። እንደ ኢትዮ ኒውሱ በላይ ማናዬ ያሉ ጋዜጠኞችም ለወራት ታሰሩ። አዲስ አበባ ያለው ከታሰረ መርሳ ላይ ማን ማይክ ይይዛል? መጋቢት 2017 ላይ ደግሞ ዋሽንግተን በወሰነችው ውሳኔ የአሜሪካ ድምፅ ሥርጭት ተቋረጠ። እኛ የማናውቀው ቢሮ ውስጥ በተፈረመ ወረቀት፣ ሐብሩ ጃራ መጠለያ ያለ ተፈናቃይ ብሶቱን ሊያሰማበት የሚችል አንድ በር ተዘጋ ማለት ነው።

ታዲያ ይሄ ከዴሞክራሲ ጋር ምን አገናኘው? የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ በክልላችን ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፣ በዚያው ቀረ። ይህን በስልክህ እያነበብክ ያለኸው ሃያዎቹ ውስጥ ያለህ ልጅ የወረዳህን ምክር ቤት መርጠህ አታውቅም፤ አንቺም እንደዚያው። ካርድ ከሌለ ባለሥልጣኑን የሚያሳፍረው የቀረው ነገር ወሬው አደባባይ መውጣቱ ነበር። እሱም ሲጠፋ የተበላሸው የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ይቀመጣል፤ ጠያቂ የለማ።

ባዶው ቦታ ግን ባዶ አይቀርም። የሌላ አገር የድሮ ፎቶ "ሰበር፦ ወልድያ" ተብሎ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፤ ባጃጁ ይቆማል፣ ሱቁ ይዘጋል። ውጭ ሆኖ ዩቲዩብ ላይ የሚጮኸው ሰው የጤፍ ዋጋችንን እንኳ አያውቀውም።

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ያቋቋሙ አካባቢዎች አሉ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013ም የማኅበረሰብ ብሮድካስት ይፈቅዳል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲን የሚያህል ተቋም ያለበት አካባቢ የሐብሩን ዜና የሚሠራ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ይገባዋል።

እስከዚያው ግን በኢንቦክስ ፎቶ ስትልኩልን ቀኑን፣ ቀበሌውንና ማን እንዳነሳው ጻፉልን። ያልተጻፈበትን አንለቅም። ስማችሁን አናወጣም።