ገመዱስ?

የቴዎድሮስን ያህል ወደ ድርሰቶቻችን ደጋግሞ የተመለሰ ተዋጊ የለም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በመድረክ መልሰውታል። እኛ ወዳጆቹ ግን ከዚህ ሁሉ ይዘን የምንወጣው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የቋራው ካሣና የመቅደላው ሽጉጥ። በመካከል የተለወጠው ተዋጊ የት ገባ?

ይህን ያስጠየቀኝ መጽሐፍ አይደለም፤ የሚስቅብኝ ይሳቅ፣ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። «ተከን» በተባለው የጃፓን ጨዋታ ጂን ካዛማ የሚባል ተፋላሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ሦስተኛው ክፍል የአባቱን ወገን ስልት ይዞ ይዋጋል። በአራተኛው ክፍል ግን ያን ደም ጠልቶ፣ ስልቱንም ጥሎ፣ በካራቴ ይመለሳል። የለመደው ተጫዋች ጣቶቹን እንደገና ማስተማር ግድ ሆነበት። ጥላቻው ከንግግሩ ይልቅ ከቡጢው ይነበባል።

የእኛን ተዋጊስ ከእጁ አንብበነዋል? በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን የጣለው ካሣ ፈጣን ነበር፤ ሳይጠበቅ የሚደርስ ሽፍታ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው ንጉሥ ግን ሌላ ሰው ነው። ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ጀምሮ ገደል እያስጠረገ ለወራት አስጎተተ። ያ ፈጣን ሰው በቀን ጥቂት የሚራመድ ሆነ። ሰው ሲከዳው ብረት አከበደ።

ሰው ለምን ከዳው? መልሱን ከሰቆጣ ሆኖ ማየት ይቀላል። ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ሰቀለ፤ ልጁ ጎበዜ ሸፈተ። የናፒየር ጦር ሲመጣ ጎበዜ መንገድ አልዘጋበትም፤ በዚያው ዓመት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። ይህን «ክህደት» በሚል አንድ ቃል የሚዘጋ ሐያሲ አባቱ የተሰቀለበትን ልጅ ምን ሊያደርግ ይጠብቅ ነበር? (የዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻችን እንኳ አንድ ቴዎድሮስ አልጻፉም፤ የአለቃ ዘነብ ታሪክ ከመቅደላ በፊት ያበቃል፣ የአለቃ ወልደ ማርያም ግን እስከ መጨረሻው ይከተለዋል።)

ቴዎድሮስ ገና ይመለሳል፤ ይመለስ። ቀጣዩ ደራሲ ግን ሽጉጡን ለጊዜው ያቆይልንና ገመዱን ይጻፍ፤ ዋግሹሙ የተሰቀለበትንም፣ መድፉ የተጎተተበትንም።