ዕረፍትም መሰናዶ ይሻል

ሥራ ለሰው ልጅ ክብሩ እንደ ሆነ ሁሉ ዕረፍትም ለሥራ ጉልበት ነው። ዓመቱን ሙሉ በመጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ የከረመ ተማሪ፥ ከወንበሩ ሳይነሣ መዝገብ ሲያገላብጥ የሰነበተ ወጣት ሠራተኛ፥ ጥቂት ቀን ከከተማ ወጥቶ ንጹሕ አየር ቢተነፍስ አእምሮው ይታደሳል፤ ሰውነቱም ይበረታል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ወጣቶቻችን እንዲህ ያለውን ዕረፍት ሆቴል ለመከራየት አቅም ያለው ሰው ብቻ የሚያገኘው ነገር አድርገው ስለሚቈጥሩት፥ የፈቃድ ጊዜያቸውን በየቡና ቤቱ ተቀምጠው ይጨርሱታል። ድንኳኑን ተሸክሞ፥ ስንቁን ቋጥሮ፥ ምግቡን በገዛ እጁ አብስሎ በውሃ ዳር የሚያርፍ ሰው ግን ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም ደስታው ሙሉ ሊሆን ይችላል። ይህም የሚሆነው አስቀድሞ ሲያስብበት ብቻ ነው።

ኤርትራ ነጻ መንግሥት ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የራስዋ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም፥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተከታትለው የሚገኙት ሐይቆች ለዚህ ዐይነቱ ዕረፍት የተመቹ ናቸው። ነገር ግን ሐይቅ ሁሉ አንድ አይደለም። የዝዋይ ሐይቅ አሣው የታወቀ ቢሆንም ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ስላለበት ለዋና አይመከርም፤ የበሽታው ተውሳክ በውሃው ውስጥ ካሉት ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባልና። የሻላ ሐይቅ ደግሞ ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሐዋሳ መንገድ የሚገኘው ላንጋኖ ግን፥ ውሃው ቡናማ ሆኖ ለዓይን ባያምርም፥ ከቢልሃርዝያ ነጻ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ ዋናተኞች ከሁሉ ይመርጡታል። ስለዚህ ምክራችንን በላንጋኖ ምሳሌነት እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ነገር ጊዜን መምረጥ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ስለሚበዛ ድንኳን አይመችም። ዝናቡ ካባራ በኋላ እስከ ኅዳር ድረስ ደግሞ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። እንግዲህ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ይሆናል። ቢሆንም ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በመሆኑ አጎበር ሳይዙ መሄድ አይገባም። ከተመለሱም በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የተሰማው ሰው፥ ቆላ ወርዶ እንደ ነበረ ለሐኪሙ ሳይዘገይ መንገር አለበት። ከመነሣትም በፊት የመንገዱን ጸጥታ በቅርብ ከሚያውቁት ሰዎች ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው። ስድስት ጓደኞች ቢስማሙ፥ አንዱን ገንዘብ ያዥ አድርገው የመጓጓዣውን፥ የድንኳን መትከያውን ኪራይና የስንቁን ወጪ በደብተር ላይ ይጻፉ፤ ለድንገተኛ ነገርም ከመቶ ዐሥር እጅ ይጨምሩበት። ሒሳቡም ከሁሉ ያነሰ ገቢ ያለውን ጓደኛ አቅም መሠረት ያደረገ ይሁን። ለመዝናናት ብሎ የተበደረ ሰው የሚያርፈው ሦስት ቀን ነው፤ የሚጨነቀው ግን ብዙ ወር ነው።

ስንቅን በተመለከተ እናቶቻችን ለመንገደኛ ያዘጋጁት የነበረውን ማስታወስ ይበቃል። እንጀራ በቆላ ሙቀት ቶሎ ይሻግታል፤ ድርቆሽ ግን ይቆያል። በሶና ቆሎ እሳት አይጠይቁም። ሽሮ፥ በርበሬ፥ ቋንጣ፥ ሽንኩርትና ድንች ከተያዘ ሌላው ትርፍ ነው። ጿሚ ያለ እንደ ሆነም አስቀድሞ ይታወቅ። ከሁሉ የሚበልጠው የሚጠጣ ውሃ ነው። የላንጋኖ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ለመጠጥ አይሆንም፤ ማፍላትም ፍሎራይዱን አያስወግደውም። ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ቢታሰብ፥ ለስድስት ሰው ለሦስት ቀን 90 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ማለት ነው። ይህን ሳያሰሉ ተነሥቶ ከደረሱ በኋላ ውሃ ፍለጋ መንከራተት፥ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

እዚህ ላይ በግልጽ ልንናገረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ወንዶችና ሴቶች ወጣቶች አብረው ሲሄዱ፥ ወንዶቹ ሲዋኙና ኳስ ሲጫወቱ እኅቶቻቸው ሽንኩርት ሲከትፉና ድስት ሲያጥቡ ይውላሉ። ይህ ለአንዱ ዕረፍት፥ ለሌላው የቤት ሥራን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቀስመናል የምንል ከሆነ ትምህርታችን በምድጃውም ዘንድ ይታይ። የማብሰሉም የማጠቡም ተራ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ማንም ከተራው አይሽሽ።

ስለ ዋና የምንናገረውን ግን ወጣቶች በጥሞና እንዲሰሙን እንለምናለን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። የላንጋኖ ውሃ ደፍራሽ ስለ ሆነ የሰጠመ ሰው ከላይ ሆኖ ለሚያይ አይታይም፤ ስለዚህ ፈልጎ ማውጣት እጅግ ያስቸግራል። ማንም ብቻውን አይዋኝ፤ መጠጥ የቀመሰ ወደ ውሃ አይግባ፤ ዋና የማይችል ከወገቡ በላይ ወደሚደርስ ውሃ አይዝለቅ። ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲበረታ ሁሉም ይውጣ። አንድ ሰው በተራው ዳር ቆሞ የገቡትን ይቍጠር። በአጠገቡም ረጅም ገመድ የታሰረበት፥ ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን ይኑር፤ የሚሰጥመውን ለማዳን ዘሎ ከመግባት ይልቅ ጀሪካኑን መወርወር ሁለት ነፍስ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ሌሊትም ቢበርድ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን አይግባ፤ ጭሱ ሳይታይ የተኛን ሰው ይገድላልና።

በመጨረሻም ዳርቻው ባዶ መሬት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ከብቱን የሚያጠጣና መሬቱን የሚያርስ ባለአገር አለ። ድንኳን ከመትከል በፊት ፈቃድ መጠየቅ፥ ሽማግሌውን በአክብሮት ሰላም ማለት፥ ዕንቍላሉንና በጉን በተገቢው ዋጋ መግዛት የእንግዳ ወግ ነው። በዚያ አካባቢ ያለው ግራር ለከሰል እየተባለ ብዙ ተቈርጧል፤ የቀረውን እኛ ደግሞ ለአንድ ምሽት እሳት ብለን ብንጨርሰው ታናናሾቻችን የሚያርፉበት ጥላ አይኖርም። ቡታጋዝ ይዞ መሄድ ይቻላል። የፕላስቲክ ጠርሙሱም ስንቁን ባመጣው ከረጢት ተመልሶ ይምጣ።

ይህን ሁሉ ስንዘረዝር ደስታን በደንብ ለማጠር አስበን አይደለም። ለሦስት ቀን ጉዞ ወጪውን ያሰላ፥ ሥራውን በእኩል ያካፈለ፥ የጓደኛውን ነፍስ የጠበቀና የባለአገሩን ንብረት ያከበረ ወጣት፥ ነገ የመሥሪያ ቤት ኃላፊነት ቢሰጠው እንግዳ አይሆንበትም። እንግዲህ የታኅሣሥ ወር ሳይደርስ ደብተራችሁን አውጡ፤ ከጓደኞቻችሁም ጋር ተቀምጣችሁ ሒሳቡን ጀምሩ።