የልጅ ክርን ሲያብጥ

ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክርኑ ሲያብጥ በብዙ ሰፈር መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ወጌሻ ጥሩ» የሚል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ የሚጠይቀው ገንዘብም ትንሽ ነው፤ አባትም አያትም በእሱ እጅ ድነዋል። የልጅ ክርን ግን ጠበቅ አድርገው አስረው «ይድናል» የሚሉት ቦታ አይደለም።

ክርን ላይ ሦስት አጥንቶች ይገናኛሉ፤ አንዱ ከትከሻ ይወርዳል፣ ሁለቱ ከእጅ አንጓ ይመጣሉ። በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንት ክንዳችንን ያጥፍልናል፣ ይዘረጋልናል። በአውራ ጣት በኩል ያለው ደግሞ ይሽከረከራል። እንጀራ ስንቆርስ መዳፋችን ወደ ታች ይሆንና ሁለቱ አጥንቶች ይጠላለፋሉ፤ ጉርሻውን ወደ አፍ ስናደርስ ክንዳችን ይዞርና ጎን ለጎን ይተኛሉ። የሚሽከረከረውን አጥንት ጫፍ አቅፎ የሚይዘው ቀለበት መሰል ጅማት በሕፃናት ላይ ገና ልል ነው። በዚህም የተነሳ የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ በእጁ ብድግ ሲደረግ ወይም መንገድ ላይ ሲጎተት ጅማቱ ሸርተት ይልና ልጁ እጁን አላንቀሳቅስም ይላል። ይህ ቀላል ነው፤ የሚያውቅ ባለሙያ በቅጽበት ይመልሰዋል፣ ልጁም ብዙ ሳይቆይ ይጫወትበታል።

የሚያስፈራው ሌላው ነው። ልጅ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይመክታል፤ ይህን ጊዜ ከክርን ከፍ ብሎ ያለው ቀጭን የአጥንት ክፍል ይሰበራል። በልጆች ክርን ላይ ከሚደርሱ ስብራቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ በተለይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉት ላይ። እጅን በሙሉ የሚመግበው ትልቁ ደም ስር ከነርቮች ጋር የሚያልፈው እዚያው ስብራቱ ፊት ለፊት ነው። የተሰበረው አጥንት ጫፍ ሊወጋው፣ እብጠቱም ሊጫነው ይችላል። በዚህ ላይ ቀርከሃ ተደርጎ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር አስቡት። የክንድ ጡንቻዎች የማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ ስላሉ እብጠቱ መውጫ አያገኝም፤ ግፊቱ ደሙን ያግዳል። ደም ያጣ ጡንቻ ከስድስት ሰዓት ገደማ በላይ አይታገሥም፣ ይሞታል። ጀርመናዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 ይህንን ጉዳት ሲገልጽ ጣቱን የቀሰረው ከልክ በላይ በጠበቀ ማሰሪያ ላይ ነበር።

እንዲህ የሆነ የጎረቤት ልጅ አውቃለሁ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተኮማትረው ቀርተዋል። እርሳስ ሊያነሳ ሲል አንጓውን ወደ ታች ያጥፋል፤ ያኔ ጣቶቹ ትንሽ ይከፈታሉ። አንጓውን ቀና ሲያደርግ መልሰው ይጨበጣሉ። ጡንቻው ሞቶ፣ ጠባሳ ሆኖ ስላጠረ ነው። እናቱ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ፤ እኔ ደግሞ ‹ቻለው ልጄ፣ እየጠገነ ነው› እለው ነበር» አሉኝ። ያ ለቅሶ ማስጠንቀቂያ እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከዚህ የባሰም አለ፤ እጁ ጠቁሮ የሚቆረጥ ልጅ አለ።

ስለዚህ የታሰረ ልጅ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከነጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያው ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ልጁም ወዲያው ሆስፒታል ይድረስ። ጤና ተቋም የታሰረ ጀሶም ከጠበቀ ያው ነው፤ መልሶ መውሰድ ነው። ገና ያልታሰረውን ክርን ደግሞ አትሹት፣ በግድም አትዘርጉት። በነጠላ አንገቱ ላይ ላላ አድርጋችሁ ደግፉለትና ራጅ ወዳለበት ውሰዱት። የተጎዳ ክርን አጥብቆ ማሸት ጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግ ይችላል፤ ያኔ ክርኑ ደርቆ ይቀራል።

ወጌሻን ማውገዝ ግን መፍትሔ አይመስለኝም፤ ሕዝቡ ነገም ወደ እነሱ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ጥናት፣ ወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች በእጅጉ መቀነሳቸውን አሳይቷል። አንድ ቀን ብቻ! ይህን ሳነብ ደስታም ቁጭትም ተሰማኝ፤ እንዲህ በቀላሉ የሚተርፍ እጅ ዛሬም እየተቆረጠ ነውና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፣ የአካባቢያቸውን ወጌሾችም በስም ያውቋቸዋል። ጤና ቢሮዎች ወጌሾቹን ጠርተው ላላ አድርጎ ማሰርን፣ ጣት ማየትን፣ ያበጠን የልጅ ክርን ሳይነኩ መላክን ያስተምሯቸው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ዛፍ ለዛፍ ከመዋላቸው በፊት።